ሃምሳ ብር መግቢያ

ባጃጁ አቧራ ሰንጥቆ ከገረጋንቲው ጉብታ ሥር ጣለን፣
ሸምሱ ሞተሩን አጥፍቶ "እስክትወጡ እዚሁ ነኝ" አለን።
ከበላያችን፣ በኮረብታው ጫፍ፣ የነፋስ ኃይሉ ማማ ይዞራል፣
የክንፉ ጥላ ቁልቁል ወርዶ የዋሻውን ደጅ ጠርጎ ያልፋል፣
ተመልሶ ደግሞ ይመጣል።
አባቴ ቀና አለ። ጥላ ባለፈ ቁጥር ቀና ማለት ልማዱ ነው፣
እኛ ነን እንጂ ሰማይን የረሳነው።

ከቆርቆሮው ዳስ ሥር ትኬት የምትቆርጠው ልጅ
"አዋቂ ሃምሳ፣ ሕፃን ሃያ፣ ካሜራ ለብቻው" አለች።
አባቴ ብሩን አየ፤ ጉድጓዱን አየ፤
"ሃምሳው ለመግቢያ ነው ለመውጫ?" ሲላት
ልጅቷ ሳቀች።

አስጎብኚው ለሜሳ ቢጫ ቆቡን አጥብቆ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣
ባትሪውን እንደ መምህር አለንጋ ወዲያ ወዲህ አድርጎ፣
"ጣሊያን ነው ያስቆፈረው፣ በወረራው ጊዜ፤
እዚህ ጥይት፣ እዚያ ዱቄት፤ ይኼ መኝታቸው ይመስለናል፤
በዚህ በኩል ሬዲዮ ነበር፣ እሱም ይመስለናል" ይላል።
"ይመስለናል" የምትለዋን ቃል ይወዳታል።

"ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ ጎንበስ..." ብሎ ሳይጨርስ አባቴ ጎንብሷል።
ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ቤት ውስጥ ጫማውን የማስርለት እኔ ነኝ፤
ወገቤ እምቢ አለ ይለኛል።
እዚህ ግን ያ ወገብ ከጣሪያው ጋር የቆየ ውል እንዳለው
ልክክ ብሎ ይታጠፋል።

ልጄ ሶልያና ስልኬን ነጥቃ ግድግዳው ላይ ብርሃን ትረጫለች፣
የዶማ ጥርስ የተወውን ጭረት በጣቷ ትቆጥራለች።
"ማን ነው የቆፈረው?"
ለሜሳ ትንሽ አሰበ። "ሰዎች ናቸው" አለ፣ "የዚሁ አገር።"
ከዚያ ወዲያ አልነበረውም ነገር።
አባቴ ግን እጁን ሰደደ፣ ዐለቱን ዳበሰው፣
"ይቺ የደከመ ሰው ምት ናት" አላት፣ "ይቺ ደግሞ የተናደደ ሰው።"

መጨረሻው ክፍል ላይ ለሜሳ አንድ ጨዋታ አለው፤
"ሁላችሁም መብራት አጥፉ፤ አንድ ደቂቃ ብቻ፤ ጨለማውን እንስማው።"

ጠፋ።
ከሐዋሳ የመጡት ሙሽሮች ተሳሳቁ።
አንድ ጎረምሳ እንደ ጅብ ጮኸ።
ከዚያ ጸጥ።
ከጣሪያው አፈር ወረደ፣
እፍኝ የማይሞላ፣
ሽር...

መብራት ሲበራ አባቴ ከቆመበት የለም።
ከግድግዳው ሥር ነው፤ ጀርባው ወደ ዐለቱ፣ ፊቱ ወደ መውጫው፣
ሶልያናን በደረቱ ከልሎ፣
መዳፎቹን በጆሮዎቿ ላይ ጭኖ፣
"አፍሽን ክፈቺ" ይላታል፣ በሹክሹክታ፣
"አፍሽን ክፈቺ የኔ ልጅ፣ ከፍተሽ ቆዪ፣ ይሻላል።"
እሷም ከፍታለች።

ማንም አልሳቀ።
ለሜሳ ቆቡን አወለቀ፤ የሚያደርገው ጠፍቶት መልሶ አጠለቀ።
አባቴ ተነሣ፤ የሱሪውን ጉልበት አራገፈ፤
"ጥሩ ጉድጓድ ነው" አለ። "የኛን ውኃ ያስቸግረው ነበር።"
ስለዚያ ሰሜን፣ ስለዚያ ምሽግ፣ ስለ አራቱ ክረምት፣
ከተመለሰ ጀምሮ የነገረን
ይኸው ነው።

ወጣን። ፀሐይዋ እንደ ዕዳ ጠያቂ ደጅ ቆማ ጠበቀችን።
ሸምሱ ከባጃጁ ወንበር ላይ ተጋድሟል፣ አፉን ከፍቶ፣
ሶልያና "እሱም ከፍቷል!" ብላ ሳቀች፣ ጣቷን ወደሱ ቀስራ።

የትኬቷ ልጅ የጎብኚ መዝገብ ዘረጋች።
ከላይ ከላይ የተጻፈው፣ "ደስ ይላል።" "አምፖል ቢገባ።"
"ሽንት ቤት ይሠራልን።"
አባቴ እስክሪብቶውን እንደያዘ ቆየ።
ከስም በታች፣ ሠላሳ ዓመት ሲጽፈው ያላየሁትን ጻፈ፤
ሃምሳ አለቃ ዘርጋው።
የገባበትን ሰዓት ሞላ፣ ከነደቂቃው።

"አባባ፣ የወጡበትን አልሞሉም!" ትላለች ልጅቷ፣ ከኋላችን።
እሱ ባጃጁ ጋ ደርሷል።
የባጃጅ ጣሪያ ሸራ ነው፣ ማንንም አይጎዳ፤
አባቴ ጎንበስ ብሎ ገባ፣
አዳማ እስክንደርስም
እንደጎነበሰ ነበር።